አንድ ሰው የቀረው

ሰኞ ሁለት ሰዓት፣ የደወሉ ብረት ሦስት ጊዜ ሲመታ፣
መዝገቤን ገልጬ እቆጥራለሁ የልጆቹን ቦታ።
«ያለለት?» — «አቤት!»
«ትሁኔ?» — በሹክሹክታ፣ «አቤት።»
«ይርሳው?»
ዝም።
«ይርሳው ቢያድግልኝ?»
ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ ሳቀ፤
እጄም ሳላዘው «ቀ» ብሎ ጻፈና ወደ ቀጣዩ ስም ራቀ።

ሃያ ሦስት «ቀ»፣ ከጥቅምት እስከ ጥር፣
እንደ አጥር ችካል በአንድ መስመር።
ወር ሲያልቅ ደምሬ ለርዕሰ መምህሩ ስሰጥ፣
«ያቋረጡ» ከሚል ዓምድ ሥር ቁጥር ሆኖ ሲቀመጥ፣
ምሳዬን በልቼ ወጣሁ፣ ልቤ ሳይደነግጥ።

እናቱ ስሙን ስታወጣ ቅኔ አልቆጠረችም፤
የሞተው ታላቁን ሐዘን አባትየው እንዲረሳ ነው፣ ሌላ አልተመኘችም።
ወርቁን ያወጣነው እኛ ነን፦
ትምህርት ቤቱ ይርሳው፣
መዝገቡ ይርሳው።

ቅዳሜ ጅጋ መናኸሪያ፣ የበርበሬ ብናኝ ሲያስነጥሰኝ፣
አንድ ድምፅ ከወዲያ ማዶ መጥቶ ነቀነቀኝ፦
«ፍኖተ ሰላም! ፍኖተ ሰላም! አንድ ሰው የቀረው!»
በሩ ላይ ተንጠልጥሎ አየሁት፣ ሸሚዙን ንፋስ የነፋው።
ዕድሜው አሥራ አራት ነው፤ ድምፁ ግን አርባ አልፎታል።
ሲያየኝ አንገቱን ደፋ፤ «ይግቡ መምህር፣ ከፊት ቦታ ተይዞልዎታል።»

መንገድ ላይ ሒሳብ ሰበሰበ።
አሥራ ሰባት ሰው፣ ሦስት ዓይነት ታሪፍ፣
ሁለት ሕፃን በግማሽ፣ አንድ በግ በክርክር ሲያልፍ፣
ከኋላ መቶ፣ ከመሃል ሁለት መቶ ሲወረወር፣
በአንድ ትንፋሽ መልስ አደለ፣ ሳትጎድል አንዲት ብር።
ያ ልጅ ነው ይሄ?
በክፍልፋይ ፈተና ከአሥር ሦስት የሰጠሁት?
መልስ የለውም ብዬ በቀይ ብዕር የጻፍኩበት?
ሜዳው ላይ የተሰጣው በርበሬ ሁሉ የእኔን እርማት መሰለኝ።

ብር ባወጣ እጄን በእጁ መለሰው፦
«የእርስዎ ተከፍሏል።»
ከዕለት ድርሻው ቆርጦ።

«ለምን ተውከው?» አልኩት ስንደርስ።
«አልተውኩትም» አለ፣ ሳንቲም እየለየ፤
«ደብተር ስላልነበረኝ ውጭ ቁም ተባልኩ። ቆምኩ።
እንደቆምኩ መኪና መጣ።»
ማን ውጭ ቁም እንዳለው አልነገረኝም።
አልጠየቅኩትም። ድምፁን አውቀዋለሁ።

ሰኞ ሰሌዳውን አጠፋሁ፤
መጽሐፉ ስለ መርከብ የሚጠይቀውን ተውኩና ጻፍኩ፦
«አንድ ሚኒባስ ከደምበጫ ተነሣ። ጅጋ ላይ አምስት ሰው ወረደ…»
ክፍሉ ቀና አለ።
ስድስት ወር ሙሉ ጠረጴዛዋን ብቻ ያየችው ትሁኔ፣
እናቷ አረቄ ቤት ለሰካራም መልስ አጉድላ የማታውቀው ትሁኔ፣
እጇን አወጣች።
«መምህር፣ ረዳቱ ደብተር አለው ወይ?»

ማታ፣ መኪናው ሲታጠብ፣ ሁለት ደብተር ይዤ ሄድኩ።
«ደክሞኛል» አለኝ። ተመለስኩ።
ማግስቱንም እንደዚያው።
በሦስተኛው ቀን ከኋላ መስታወት አቧራ ላይ
በጣቱ ሦስት አራተኛ ጻፈ፦ «እንዲህ ነበር?»
«እንዲህ ነው» አልኩት።
በአሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠን ግማሽ ገጽ ሠራን፤
ከዚያ ሹፌሩ ጡሩምባ ነፋ፣ ዘሎ ሄደ።
ደብተሩን ግን ከወንበሩ ሥር፣ ከክሪኩ አጠገብ ሸጎጠው።

ይመለስ አይመለስ አላውቅም።
አንድ ነገር ግን እዚያ ቆሜ ተማርኩ፦
መኪና ወንበሩ ሳይሞላ አይነሣም፤
ረዳቱ ጉሮሮው እስኪነቃ ይጣራል።
እኛ ነን ባዶ ወንበር ጭነን
ዓመት ሙሉ የምንከንፈው።

ዛሬ ስም ስጠራ ከእርሱ ስም ደረስኩ።
ልጆቹ ብዕሬን አዩ።
«ቀ» አልጻፍኩም። ወደ በሩ ዞሬ፣
እንደ መናኸሪያ ልጅ ጮክ ብዬ፣
«አንድ ሰው የቀረው!» አልኩ።
ሳቁ።
ትሁኔ ግን አልሳቀችም፤
ተነሥታ በሩን ከፈተችው።